በአንድ ሌሊት 48 ቀጠሮ

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቫውቸርና ከደረሰኝ ጋር ነው የምውለው። ቫውቸር ደግሞ በቁጥሩ ይደረደራል፤ እጄ የለመደው ነገር ነው። ከ2 ዓመት በፊት ቴሌስኮፕ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ስወጣ የሜሲዬን ዝርዝር፣ የ110 ደብዛዛ የሰማይ ነገሮችን መዝገብ፣ እንደ ቫውቸር ደረደርኩት። ኤም 1፣ ኤም 2፣ ኤም 3 እያልኩ እስከ ኤም 110።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ሲጨልም ኤም 1 ገና በምሥራቅ ዝቅ ብሎ አቧራ ውስጥ ተደብቋል። ከፍ እስኪል ብዬ ሻይ ስጠጣ ኤም 2 በምዕራብ ወረደ። ኤም 3 ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አይወጣም። ኤም 4 የሚወጣው ሊነጋ ሲል ነው። ኤም 6 እና ኤም 7 ጭራሽ ከፀሐይ ጋር ናቸው፤ ቀን ወጥተው ቀን ይገባሉ። ያን ሌሊት 11 ነገር ብቻ አይቼ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ ተመለስኩ።

ባለፈው ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 በዚያው ቴሌስኮፕ 48 ይዤ ወጥቼ 41 አየሁ። ቴሌስኮፑ ያው ነው፣ ወረቀቱ ግን ሌላ ነው። የምነግራችሁ ስለዚያ ወረቀት ነው።

ሜሲዬን አልወቅስም። ሰውየው ፓሪስ ላይ ኮሜት፣ ማለትም ጅራታም ኮከብ፣ አዳኝ ነበር። ኮሜት መስለው የሚያሳስቱት፣ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ የማይሉ ደብዛዛ ነገሮች ሲያስቸግሩት መዘገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1781 የወጣው የመጨረሻ ዝርዝሩ 103 ነበር፤ የቀሩት 7 በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተጨመሩለት። ቁጥሩ እሱ የመዘገበበት ተራ ነው። ሰማዩ በዚያ ተራ አይዞርም።

ለኔ የገባኝ በሥራዬ ቋንቋ ሳስበው ነው። የሌሊቱ ዝርዝር ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ የደረሰው ደንበኛ መጀመሪያ ይደወልለታል፤ ገና 2 ወር ያለው ይቆያል። ሰማይ ላይ ቀነ ገደብ ማለት መጥለቂያ ነው።

መሣሪያዬ ትንሽ ነች። መስታወቷ 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቷ 650 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ዶብሶኒያን የሚባል ዓይነት ቴሌስኮፕ። ቱቦዋ ተሰብስባ ስለምታጥር ከዋሽንግተን በአክስቴ ልጅ ሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልላ መጣች። ሞተር የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም፣ በእጅ ነው የምትገፋው። ዓይን የሚደረግባት ትንሿ ሌንስ፣ አይፒስ የምንላት፣ 25 ሚሊሜትር ስትሆን 26 ጊዜ ታጎላለች፤ 10 ሚሊሜትሯ 65 ጊዜ። ሁለቱ ይበቃሉ። ስድስት አይፒስ ይዞ የሚመጣ ሰው ሌሊቱን አይፒስ ሲቀያይር ነው የሚያነጋው።

ቀኑን መምረጥ

መጀመሪያ ጨረቃን ከመንገድ አስወግዱ። ደብዛዛ ጋላክሲን ግማሽ ጨረቃ እንኳ ታጠፋዋለች። እዚህ ላይ የኛ ካላንደር አሪፍ ነው። ወራችን 30 ቀን ነው፣ የጨረቃ ወር ደግሞ 29 ቀን ተኩል ገደማ። ልዩነቱ ግማሽ ቀን ስለሆነ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ከወር ወር ብዙም አይንቀሳቀስም። በ2018 ኅዳር 11፣ ታኅሣሥ 11፣ ጥር 10፣ የካቲት 10፣ መጋቢት 10 ላይ ነው። አንዱን ካወቃችሁ የግድግዳ ካላንደር ይበቃችኋል። ታኅሣሥ 11 ደግሞ ቅዳሜ ዋለ። ለደመወዝተኛ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ክረምቱን እርሱት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ሰማይ ነው የኛ። ፈረንጆች 110ሩንም በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሮጡበት፣ ሜሲዬ ማራቶን የሚባል ነገር አለ፤ በመጋቢት ነው የሚካሄደው። እኛ ጋ በመጋቢት የበልግ ደመና ይመጣል። ደመናው ባይኖርም ኤም 52 ያስቸግራል። በሰሜን ርቆ ስላለ በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት ላንጋኖ ላይ ሆናችሁ ስትጠብቁት ድቅድቅ ሳይል ይጠልቃል፤ ሊነጋ ሲል ገና ከአድማስ ብቅ ይላል። ስለዚህ ማራቶኑን ለነሱ ትቼዋለሁ። ለኛ የተሰጠን ሌላ ነገር ነው፤ እነሱ ከአድማስ በታች የሚቀርባቸው የደቡብ ሰማይ። በኋላ እመለስበታለሁ።

የኛ ሰዓትና የሰማዩ ሰዓት

የሰማይ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ዴክሊኔሽን ነው፤ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ሌላው ራይት አሴንሽን ነው፤ በሰዓትና በደቂቃ ይጻፋል፣ ከ0 እስከ 24። ጀማሪ ይህን ሁለተኛውን አይቶ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር። አንድ ቀን ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠንጠረዥ ስሠራ ነው ድንገት የበራልኝ።

በታኅሣሥ 11 አካባቢ፣ የአንድ ነገር ራይት አሴንሽን ላይ ግማሽ ሰዓት ስትጨምሩ፣ ያ ነገር ሰማይ ላይ ከሁሉም በላይ ከፍ የሚልበትን ሰዓት ታገኛላችሁ። በኛ ሰዓት አቆጣጠር! የኦሪዮን ኔቡላ (ኔቡላ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው)፣ ኤም 42፣ 5 ሰዓት ከ35 ነው። ግማሽ ጨምሩ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5። ሰባቱ ከዋክብት፣ ኤም 45፣ 3 ሰዓት ከ47 ነው። ምሽት 4 ሰዓት ከ17 ላይ አናታችሁ ላይ ናቸው። አለቀ። ስልክ አያስፈልግም።

ለምን እንዲህ ሆነ? የኛ ሌሊት የሚቆጠረው ማታ 12 ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ ጀምሮ ነው። ታኅሣሥ 12 ገደማ ደግሞ ፀሐይ ራሷ 18 ሰዓት የሚባለው መስመር ላይ ትሆናለች፤ እሷ በምዕራብ ስትጠልቅ አናታችን ላይ 0 ይውላል። ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ከዜሮ ይነሣሉ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓቷ በአብዛኛው የመጣችው የአገራችን ሰዓት ከኛ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሚሞላ ነው፤ አዲስ አበባም ላንጋኖም ወደ 39 ዲግሪ ናቸው።

ታኅሣሥ ካልሆነስ? በየወሩ 2 ሰዓት ይቀነሳል። ጥር 11 ላይ በግማሽ መጨመሩ ቀርቶ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀነሳል፤ ኤም 42 ምሽት 4 ሰዓት ከ5 ላይ ከፍ ይላል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኅዳር ከሄዳችሁ 2 ሰዓት ትጨምራላችሁ። በቀን ሲሰላ 4 ደቂቃ ነው።

አሁን መጥለቂያውን እናውጣ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ነገር ከፍ ካለበት ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ጨምሩ፣ ይጠልቃል። 6 ሰዓት ቀንሱ፣ ይወጣል። በሰሜን ርቆ ያለ ትንሽ ይቆያል፣ በደቡብ ርቆ ያለ ይፈጥናል። ለምሳሌ ኤም 27ን ውሰዱ፤ እየሞተ ያለ ኮከብ የተፋው ጋዝ ነው። ራይት አሴንሽኑ 20 ነው። ግማሽ ሲጨመር 20 ተኩል፣ ማለትም ቀን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍ ብሏል፣ ማንም ሳያየው። 6 ጨምሩ፤ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠልቃል። ሰማዩ በደንብ የሚጨልመው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ ኤም 27 የአንድ ሰዓት ዕድሜ ብቻ አለው። ዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ የሚሆነው እሱ ነው። የቀለበት ኔቡላ የሚሉት ኤም 57 ደግሞ ሲጨልም አድማሱን ነክቷል፤ የማይሰበሰብ ሂሳብ ነው፣ ሰርዙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልክ ላይ ያለው ስቴላሪየም፣ የሰማይ ካርታ የሚያሳየው መተግበሪያ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹን በኛ፣ ግማሹን በፈረንጅ ጽፌ፣ 7 ሰዓት የሚለው የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ ቁጭ ብያለሁ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይኑር።

ዝርዝሩን መሥራት

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ከ20 ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ ጨለማ አለ። ብዙ ይመስላል። አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት፣ ለማየትና ሁለት መስመር ለመጻፍ እኔን በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስድብኛል። 10 ሰዓት 60 ነገር ማለት ነው። ከዚያ ላይ እራት፣ ሽንት፣ ብርድ፣ ወሬ ይቀነሳል። 48 ያልኩት ለዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ 20 ያዙ። እውነቴን ነው፣ 20 ይዞ 18 ያየ ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል።

በመጥለቂያ ሰዓት ከደረደራችሁ በኋላ በሰፈር አሰባስቡ። መርካቶ ሄዶ፣ አያት ተመልሶ፣ እንደገና መርካቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ ቴሌስኮፕ ይዞ ግን ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው። ኤም 36፣ 37 እና 38 አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ኤም 35 ከአጥሩ ማዶ ነው። ኤም 81 እና ኤም 82ን በ25 ሚሊሜትር አይፒስ አንድ ላይ ታያቸዋላችሁ። ኤም 46 እና ኤም 47ም ጫፍና ጫፍ ይዘው ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ሰፈር በዓይን የሚታይ አንድ ደማቅ ኮከብ መነሻ አድርጉና ከዚያ እየዘለላችሁ ሂዱ። መንገዱን ቀን ላይ ጻፉት፤ «ከሲርየስ 4 ዲግሪ ወደ ደቡብ፣ ኤም 41» ብላችሁ። ሌሊት ላይ ማሰብ አያምርም።

የዶብሶን ጉድጓድ የሚባል ነገርም አለ። እንዲህ ዓይነት ቴሌስኮፕ በቀጥታ ወደ አናት ሲቀና አልሽከረከር ይላል፤ ዙሪያውን ለመግፋት የምትይዙት ነገር የላችሁም። እኛ አገር ደግሞ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ አናት አካባቢ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ «ከፍ ሲል ማየት ጥሩ ነው» የሚለውን ምክር ኦሪዮን ላይ አትከተሉት። ኤም 42ን እና ኤም 78ን 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና በምሥራቅ በኩል ዘንበል እንዳሉ መዝግቤ ነበር። አንገቴ አመስግኖኛል።

ጁፒተርን ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ። በዚያ ታኅሣሥ ጀሚናይ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ አምፖል ሲያበራ ነበር። አንዴ በቴሌስኮፕ ካያችሁት ጨለማ የለመደ ዓይናችሁ ተበላሸ፣ እንደገና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ «ጋሼ፣ ጁፒተርን አንዴ ብቻ» እያለ ለመነኝ። ሲነጋ አየው።

ቀዩ እስክሪብቶ

ወረቀቱ ራሱ ቀላል ነው። ኤ4፣ አግድም፣ ትልልቅ ፊደል። ስም፣ ምን እንደሆነ፣ የሚጠልቅበት ሰዓት፣ መንገዱ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ጤዛ በነካው ወረቀት ላይ ይሰንፋል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ሂሳብ ሠራተኛ አይደለሁ፤ አጣዳፊዎቹን 9 ነገሮች በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኳቸው። ኤም 27፣ ኤም 15፣ ኤም 2፣ ኤም 30 እና ሌሎችም። በጣም አምሮ ነበር። ላንጋኖ ደርሰን ሲጨልም ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኜ አበራሁ። ቀይ ብርሃን የዓይንን የጨለማ ልምድ ብዙም አይነካውም፣ ለዚህ ነው የምንጠቀመው። ወረቀቱን ባየው 9ኙ ተራ ባዶ ነው። ነጭ! ቀይ ቀለም በቀይ ብርሃን አይታይም። ጠፉ። በጣም የሚያስቸኩሉት ብቻ ተመርጠው ጠፉ። የእህቴ ልጅ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እኔ በቃሌ ያስታወስኳቸውን በእርሳስ ጻፍኩላቸው። የሠራሁትን ወረቀት ቤት ውስጥ በጨለማ፣ በዚያው ባትሪ አንብቤ ብሞክረው ኖሮ 2 ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ቦታው

ላንጋኖን የመረጥኩት ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና ግቢ ውስጥ ስለሚታደር ነው። ሌሊት ሜዳ ላይ መብራት አጥፍቶ መቆም በየትኛውም ቦታ የሚመከር አይደለም፤ ዘበኛና አጥር ያለው ቦታ ያዙ። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ «መብራት ታጠፋላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚስቅባችሁ ይኖራል። ግድ የለም።

በብርሃን ድረሱ። ይህን ከምንም በላይ አስምሩበት። 11 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ሆናችሁ ኮምፓስ አውጡ፣ ደቡብ የቱ እንደሆነ እዩ፣ ምን እንደሚጋርድ እዩ። እኛ ዘግይተን ደረስን። ኤንጂሲ 104 የሚባል ድቡልቡል የከዋክብት ዘለላ አለ፣ በደቡብ በኩል፤ ኤንጂሲ ከሜሲዬ ዝርዝር የሚበልጥ ሌላ መዝገብ ነው። ላንጋኖ ላይ ከአድማስ በላይ የሚወጣው 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የተዘረጋ ክንድ ላይ አንድ ጭብጥ ማለት ነው። ያ ጭብጥ ውስጥ አንድ ትልቅ ግራር ቆሟል። ቴሌስኮፑን 20 ሜትር ወደ ጎን ብተክለው ኖሮ አየው ነበር። ከተከልኩ በኋላ ደግሞ ማንሣት ሰነፍኩ። ከ48ቱ የመጀመሪያው ኪሳራ እሱ ሆነ።

በደቡብ በኩል የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ ብርሃን ጠርዙን ትንሽ ያነጣዋል። አናቱ ግን ጥቁር ነው። ፍኖተ ሐሊብ ጥላ የሚጥል ይመስላል።

ሌላው፣ ላንጋኖ ቆላ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ቆሞ የሚያድር ሰው ይበርደዋል፤ ጋቢ ያዙ። ወባ ስላለ የትንኝ ቅባት ተቀቡ፣ ግን እጃችሁን ታጠቡ፤ ቅባቱ ፕላስቲክ ይበላል፣ ሌንስም ያቆሽሻል። ጾም ስለነበር ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ ነበር። ቆሎ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ እጅ አያቆሽሽም፣ እንቅልፍ ያባርራል። መኪናችሁ በር ሲከፈት የሚበራውን አምፖል አጥፉት ወይም በፕላስተር ሸፍኑት።

ሌሊቱ

ኤም 27 ዝቅ ብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎም፣ ተገኘ። የተነከሰ ፖም ቅርጽ አለው። ከዚያ በምዕራብ ያሉትን ድቡልቡል ዘለላዎች፣ ኤም 15፣ ኤም 2፣ ኤም 30ን በሩጫ ጨረስኩ። እነዚህ ላይ አትቆዩ። ይታያሉ፣ ያምራሉ፣ ይበቃል።

የሚቆዩበት ቦታ ኤንጂሲ 253 ነው። ካሮላይን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1783 ያገኘችው ጋላክሲ ነው። አውሮፓ ላይ አድማስ የሚልሰው ጋላክሲ እኛ ጋ ከ55 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፤ ምሽት 1 ሰዓት ከ20 ላይ። ስታዩት በቀጥታ አትፍጠጡበት። ዓይናችሁን ትንሽ ከጎኑ አሳርፉ፤ የዓይናችን ጠርዝ ለደብዛዛ ብርሃን የበለጠ ንቁ ነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በእንፋሎት በደበዘዘ መስታወት ላይ በጣት እንደተሳበ መስመር፣ ረዘም ያለ ነገር ይመጣል። ቱቦውን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ሲንቀጠቀጥ ይበልጥ ይወጣል። ይህን ዘዴ ማንም አልነገረኝም፣ አንዴ ገፍቼው ነው ያወቅኩት። በኋላ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሰማሁ። 5 ደቂቃ ስንቆይ የእህቴ ልጅ «አንዱ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ አለ» አለ። አለ። ዕቅዱ ላይ 10 ደቂቃ የሰጠሁትን 25 ደቂቃ ወሰድንበት። ዕቅድ ያለው ሰው ነው እንዲህ ማባከን የሚችለው፤ ከየት እንደሚቀንስ ያውቃላ።

ከዚያው ሰፈር አንድሮሜዳ፣ ኤም 33፣ በሰሜን ድርብ ዘለላ የሚባሉት ኤንጂሲ 869 እና 884። ኤም 74 ግን አሻፈረኝ አለ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ነኝ፣ ካርታውን ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ምንም። 15 ደቂቃ ሲሞላ ተውኩት። ደንብ አድርጉት፤ 15 ደቂቃ ላይ ያልተገኘ ነገር ይታለፋል። እልህ ውስጥ ከገባችሁ ሌሎች አምስቱን ነው የሚበላባችሁ።

4 ሰዓት አልፎ ዘበኛው መጣ። መብራቱን ሲያጠፋልን «ኮከብ ለማየት ጨለማ ትገዛላችሁ?» ብሎን ነበር። ሰባቱን ከዋክብት አሳየሁት። ዝቅ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ በዓይኑ አየ፣ ደግሞ ዝቅ አለ። «ቡሳን» አለ። ያቤሎ አካባቢ ነው ያደገው። ቦረናዎች ቀን የሚቆጥሩት ጨረቃ ከእነዚህ ከዋክብት ጋር የምትሆንበትን እያዩ ነው። ከዚያ ራሱ በጣቱ ወረድ ብሎ ቀላ ያለውን ኮከብ፣ አልደባራንን አሳየኝና «በከልቻ» አለኝ። ወረቀቴን ጠይቆ በባትሪ አየው። «ይሄ ሁሉ ለምን ተጻፈ? ተራቸውን ጠብቀው ይመጡ የለ?» እኔ ያንን ለማወቅ 2 ዓመት ፈጅቶብኛል።

እስከ 7 ሰዓት ተኩል ኦሪዮን፣ የአውሪጋ ዘለላዎች (ኤም 36፣ 37 እና 38)፣ ኤም 1፣ ኤም 79፣ ኤም 41፣ ኤም 46ና 47 ተራ በተራ ተሰበሰቡ። በደቡብ የታራንቱላ ኔቡላም ታየ፤ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ፣ በሻሸመኔ ብርሃን ውስጥ። 160,000 የብርሃን ዓመት የሚርቅ፣ ሌላ ጋላክሲ ውስጥ ያለ ኔቡላ ነው። የደበዘዘ ደመና መስሎ ነው የሚታየው፣ ግን መኖሩ ራሱ ይገርማል።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ልተኛ አልኩ። ዕቅዱ ላይ ነበረ፤ እረፍት ጻፉ፣ አትፈሩ። ስህተቴ ደወሉን ለእህቴ ልጅ መስጠቴ ነው። ተኛ። 8 ሰዓት ከ50 ላይ ብርድ ቀሰቀሰን። አምስት ዘለላዎች ተዘለሉ፤ ኤም 50፣ ኤም 93፣ ኤም 48፣ ኤም 67፣ ኤንጂሲ 2362። አልጠለቁም፣ ገና ሰማይ ላይ ናቸው። ወደ እነሱ ልመለስ ብል ግን የንጋቱ ዝርዝር ይፈርሳል። ተውኳቸው። ያመለጠን ነገር መከተል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ትሮጣላችሁ።

ስነቃ፣ ቴሌስኮፑን የማነጣጥርባት የፈላጊዋ ቀይ ነጥብ መስታወት በጤዛ ደፍኗል፣ ሐይቅ ዳር ነን። በጋቢ ጫፍ አትጥረጉት፣ ይቧጭራል። መኪና ውስጥ አስገብቼ 5 ደቂቃ አቆየሁት። አይፒሶቼን ደግሞ ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነው የማሳድራቸው፤ የሞቀ ሌንስ ጤዛ አይዘውም።

ኤም 81ና 82ን ወደ ሰሜን ዝቅ ብለው አየሁ፤ እኛ ጋ ከ28 ዲግሪ ብዙም አይበልጡም። ኤም 65ና 66፣ ኤም 104፣ ከቪርጎ ጋላክሲዎች ኤም 87። ከዚያ ቴሌስኮፑን ወደ ደቡብ አዞርኩ።

ይህን ነው ስጠብቅ ያደርኩት። የካሪና ኔቡላ ራይት አሴንሽኑ 10 ሰዓት ከ45 ነው። ግማሽ ጨምሩ። 11 ሰዓት ከ15፤ ከፍ የሚለው በትክክል ሊነጋ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። በ26 ጊዜ ማጉላት የአይፒሱን ሜዳ ሞላው። መሃሉን ጥቁር ቦይ እንደ ቀስት ጫፍ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ብርሃኑ ውስጥ አንድ ኮከብ ቢጫ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ እ.ኤ.አ. በ1843 ከሰማይ ከዋክብት ሁለተኛው ደማቅ የነበረው ኢታ ካሪኒ ነው፣ አሁን ያለ ቴሌስኮፕ ልብ የሚለው የለም። ሜሲዬ ይህን ከፓሪስ ቢጠብቅ ዕድሜ ልኩን አይወጣለትም። ከጎኑ ኤንጂሲ 3532፣ እንደ ተበተነ ጤፍ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ የደቡብ መስቀል አልፎ፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ። በዓይን ሲያዩት ኮከብ፣ በቴሌስኮፕ ጠርዝ የሌለው የስኳር ክምር። የእህቴ ልጅ ወረቀቱ ላይ የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ወይኔ»።

11 ሰዓት ከ20 ላይ ምሥራቁ ገረጣ። ቴሌስኮፑን ወደ ምዕራብ አዙሬ ለልጁ ጁፒተርን ሰጠሁት።

እቤት እንደተመለሳችሁ ሳትተኙ፣ ቢያንስ ሳታድሩ፣ ማስታወሻችሁን ገልብጡ። በጨለማ የተጻፈ የራሴ ጽሑፍ በሦስተኛው ቀን ለኔም አይነበብም። ያላያችሁትን ወደ ሚቀጥለው ወር አዛውሩ፣ ሰዓቱን በ2 ቀንሳችሁ። የኔ 7 ቀሪ ሂሳብ ወደ ጥር 10 ተዛውሯል። ኤም 67 በታኅሣሥ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር፣ በጥር 7 ሰዓት ከ20 ይሆናል፤ በእንቅልፍ የማጣው አይመስለኝም። ኤም 74 ሲጨልም ከአናት ወደ ምዕራብ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተራ ላይ አስገብቼዋለሁ። በእርሳስ።